ባሌ የሰፋው የውስጥ ኪስ

ባሌ ዋሽቶ አያውቅም። ይኼን የምለው ላሞግሰው አይደለም። ለመዋሸት መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋላ! እሱ እንደሆነ አፉን የሚከፍተው መርፌ በከንፈሩ ካልያዘ ነው፤ መርፌ ያልያዘበትን ቀን ደግሞ እኔ አላየሁም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ሠላሳ ሁለቱን ዓመት የኔ ባል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። እኔ የቁልፍ ቤት እሰፋለሁ፣ ቅምቅማት እጨርሳለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የሁለታችንንም ወሬ ብቻዬን አወራለሁ። «ምላሷ ከመቀሱ ይረዝማል» ይሉኛል። ይበሉ! አንድ ቤት ሁለት ዲዳ አያስፈልገውም።

ሱቃችን ከገበያው ጀርባ ነበር፤ አሥራ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ጎን ለጎን የተደረደርንበት ረድፍ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ሦስተኛ። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማና እኔን ይዛ ትሞላለች። ባሌ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ እኔ በርጩማዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ። በዚያች ጉሮኖ ሦስት ልጆች አስተምረን ለወግ ለማዕረግ አብቅተናል። የምንኖርበት ቤት የኪራይ ነው፤ በዚህች ዓለም የኛ የምንላት እሷን ብቻ ነበር። ባሌ እሑድ እንኳን ቤት መዋል አይችልም፤ «ካውያውን ነቅዬው ይሆን?» ይልና ሄዶ ከፍቷት ይቀመጣል።

ከረድፉ ጫፍ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ አፈሩ ይቅለላትና። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሁላችንም «የክሯ ልጅ» እንለው ነበር። «የእናት ሆድ ዥጉርጉር» ብዬ እንዳላልፈው የወለደችው አንድ እሱን ብቻ ነው። ብልጥ ነበር። ምላሱ ማር! ተምሮ ጸሐፊ ሆነ፤ ቀጥሎ የሰፈር ኮሚቴ ውስጥ ገባ። ከረድፋችን ፊት ክፍት ቦይ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቆሻሻው ውኃ ሱቅ ድረስ ገብቶ የሰው ጨርቅ ያበላሽብናል፤ ባለቤቱ ደግሞ የሚጮኸው በኛ ላይ ነው። ይኼ ልጅ ማዘጋጃ ቤት ስድስት ወር ተመላልሶ ቦዩን በሲሚንቶ አስከደነልን። ይኼን አልክድም፤ ሐቅ ሐቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠይቀን ቆዳችንንም ሰፍተን እናለብሰው ነበር።

ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደር የሚለብሰው ሙሉ ልብስ አልነበረውም። አሥራ ሁለቱ ተሰብስበው ሰፉለት። ባሌ የኮቱን አካል፣ ጎረቤታችን ግራ እጅጌውን፣ ከማዶ ያለው ቀኙን፣ ሌላው ሱሪውን፣ ሌላው ሰደርያውን፤ የቁልፍ ቤቶቹን እኔ። አሥራ ሁለት ሰው የሰፋው ልብስ ምን እንደሚመስል አስቡት! ግራ እጅጌው ከቀኙ ይረዝም ነበር። ለብሶት መሀል መንገድ ላይ ቆመና፣ «ይኼን ረድፍ የነካ እኔን ነካ! በቁሜ አላስነካውም!» አለ። እናቱ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ባሌ እንኳ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ አጨበጨበ።

ተመረጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጋዜጣ አልነገረንም፤ ሜትሩ ነው የነገረን። ባሌ የደንበኛውን ሁሉ ልክ የሚጽፍበት ደብተር አለው። የክሯ ልጅ ወገብ መጀመሪያ ሰባ ስድስት። የምክር ቤት አባል በሆነ በዓመቱ ሰማንያ አራት። የመሬት ክፍል ኃላፊ ሲሆን ዘጠና ስምንት። ምክትል ከንቲባ ሆኖ በመኪና ሲመጣ መቶ አሥራ ሁለት፤ ሜትሩን ከኋላ ለማዞር የኔ እጅ ተጨመረበት። እናቱ ይኼን ሳታይ መሞቷ ተመስገን ነው።

የሚያቅለሸልሸኝ ውፍረቱ አልነበረም። የወፈረ ሁሉ ሌባ ቢሆን እኔም አልተርፍ። የሚያቅለሸልሸኝ ንግግሩ ነው። ድሮ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» የሚለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቶሎ በል እንጂ» ማለት ጀመረ። «አንተ ልጅ፣ በላህ?» ይለው የነበረው ባሌ ደግሞ «እንዴት ሰነበቱ ክቡር» ሆነ። ማንም አላዘዘውም! በገዛ እጁ! አንድ ቀን እየለካነው ስልክ ተደወለ። ቤት አጥታ የምትለምነው አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ድምፅዋ ለኛም ይሰማል። «እማማ፣ እንደ እናቴ ነዎት፣ በኔ ይሁንብዎ» አላት፤ ይኼን እያለ ለኛ በአንድ ዐይኑ ይጠቅሰናል፤ «ትቀልዳለች እንዴ?» እንደማለት። ስልኩን ዘግቶ ሣቀ። ባሌ መርፌውን እንደያዘ ፈገግ አለ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ፈገግ አልኩ።

ኪሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከኮቱ ውስጥ ትንሽ ኪስ፣ «ለመታወቂያ» ተባለ። ቀጥሎ ለፖስታ የሚሆን ረዘም ያለ። በየኮቱ ኪሱ ጠለቅ፣ ሰፋ ይላል፤ ገበሩም ወፈር ያለ እንዲሆን ያዛል።

«ስማ፣ ምን እንደሚገባበት ታውቃለህ አይደል?» አልኩት ባሌን።

«ኪስ ነው።»

«ኪስ መሆኑን አየሁ! ምን ይገባበታል?»

«የኪሱ ባለቤት ያውቃል።»

«ሰውየው ከተማውን ቆርሶ ቆርሶ እየሸጠ ነው ይባላል። ነገ የኛንስ ቢሸጥ?»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። ይኼ እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው። «የኛ ልጅ ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። እኔ ልብሱን እያሳመርኩለት እሱ ሱቄን አይነካም» አለኝ። ለካ ባሌ ባለፉት ዓመታት አንድም ቀን ዋጋ ያልጠየቀው ለዚህ ኖሯል! የሱቃችንን ዕድሜ በስፌት እየገዛ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ያው ናቸው። ወሬው በተነሣ ቁጥር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ይሣሣቃሉ። ይኼን ተረት የተረተ አፍ ምነው በተለጎመ! ሌባ እንደ ጀግና የሚወራለት በዚህ ተረት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ጥቁር ሱፍ ቀድመን ቆርጠንለት ነበር፤ ለሙከራ ለበሰው። ከቦርሳው ጥቅል አወጣ፤ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሰማያዊ ናይለን ገመድ የታሰረ።

«ጋሼ፣ ግራ ደረቴ ጋ ጥልቅ ኪስ አድርግልኝ። ይኼ ይግባበት። ሰነድ ነው» አለ። ምንነቱን የጠየቀው የለም እኮ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባሌ በአንድ እጁ ሜትር፣ በሌላው ጠመኔ ይዟል። በዐይኑ ጠራኝ። ተነሣሁና ጥቅሉን ተቀብዬ ከሰውየው ደረት ላይ ደግፌ ያዝኩ። ግማሽ ጡብ ያህል ይከብዳል። የሸሚዙ ላብ ጣቶቼን አረጠባቸው፤ ሽቶው ደግሞ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። «ትንሽ ከፍ» አለኝ ባሌ በመርፌው መሀል። ከፍ አደረግኩ። ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። «ልክ ነው» አለ። ጥቅሉን መለስኩለት። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ፤ ሽቶው ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ዓርብ ሊወስድ መጣ። ሌላ ጥቅል ይዟል፤ ይኼኛው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ፣ መጠኑ ግን ያው። ወደ ኪሱ ሊከተው ሞከረ፤ አልገባም። ባሌ የገመዱን ቋጠሮ ሳያስብ ለክቶት ኖሮ አንድ ጣት ጠቦበታል። አስር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ እያለ ስንቱን ሲመክር የኖረ ሰው!

«አርባ ዓመት ሰፍተህ ኪስ መለካት አቃተህ?» አለው።

ባሌ አመድ መሰለ። ኮቱን ተቀብሎ ምላጭ አነሣና መተርተር ጀመረ። ክቡርነታቸው በኔ በርጩማ ተቀምጠው በስልክ ይሥቃሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈቶ፣ አስፍቶ፣ መልሶ ሰፋው። ጥቅሉ ገባ። ሰውየው ቻው እንኳ ሳይል ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሱቅ ስንደርስ በአሥራ ሁለቱም በር ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተሠምሮበታል። ቦታው ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ተሰጥቷል፤ ባለ መስታወት ሕንፃ ሊቆምበት ነው፤ አሥር ቀን አላችሁ ተባልን። ምትክ? «ይታሰብበታል።»

ባሌ ከመሳቢያው ከዚያ ከጥቁሩ ኮት የተረፈችውን አንዲት ቁልፍ አወጣና በወረቀት ጠቅልሎ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ሦስት ቀን ከምክትል ከንቲባው ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኔ ብሆን ጮኼ ሕንፃውን በአንድ እግሩ ባቆምኩት ነበር፤ እሱ ግን «አንቺ አትምጪ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ከስብሰባ ሲወጣ አገኘው።

«ክቡር፣ ትርፍ ቁልፏን ረስተዋት ነው» አለና ሰጠው።

«አይ ጋሼ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ይገባኛል። ግን ልማት ነው፤ ልማትን ማን ያቆማል?» ቁልፏን በኪሱ ከቶ ሄደ። በዚያው ኪስ።

ባሌ ይኼን ሲነግረኝ ቁልፏ ሌላ ኮት ላይ እንደማትሆን፣ አራት ቀዳዳ እንዳላት፣ መልካም ቁልፍ እንደሆነች ጨምሮ ነገረኝ። እኔ በጥፊ ልለው ቃጣኝ፤ ከዚያ ፊቱን አየሁና ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ያፈረሱን ሐሙስ ነው። ዶዘሩ መጀመሪያ የደረመሰው ያን በሲሚንቶ የተከደነ ቦይ ነው፤ ሲሰበር የዓመታት ግማት ወጣ። መኪናችንን ባሌና ጎረቤታችን ተሸክመው አወጡ። ጠረጴዛው በበሩ አልወጣም፤ ለካ ሱቋ የተሠራችው ከጠረጴዛው በኋላ ኖሯል። ሱቋን እዚያው ላዩ ላይ አፈረሷት። በሌላ ጊዜ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ድምፄ ያን ቀን በዶዘሩ ተዋጠ፤ ስድቤን አንድ ሰው አልሰማልኝም። ባለ መስታወቱ ሕንፃ እስከ ዛሬ አልቆመም። ጉድጓድ ቆፍረው ተዉት፤ ክረምት ላይ ውኃ ይሞላና እንቁራሪት ይጮኽበታል።

አሁን ባሌ የሚሰፋው በኪራይ ቤታችን ደረጃ ሥር ነው። ብርሃን የለም። ደንበኛም የለም፤ የልጅ ዩኒፎርም ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ባፈረሱን በወሩ፣ «ኪሷ ናት» አለኝ።

«የቷ ኪስ?»

«አንድ ጣት አጠበብኩበት። ተቀየመኝ። ያቺን በደንብ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ይተወን ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም! ከተማ የሚሸጥ ሰው በኪስ ይቀየማል?» ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ግን እንደዚያ አምኖ ቀረ።

በዓመቱ ሰውየው ወደቀ። ሕግ ነቅቶ እንዳይመስላችሁ! ሌባ ሲሰርቅ ተስማምቶ ሲካፈል ይጣላል፤ ሥራ ተቋራጩና እሱ በሌላ ቦታ ተጣሉና አንዱ ሌላውን አጋለጠው። በቴሌቪዥን በሁለት ፖሊስ መሀል ሲሄድ ጎረቤት ቤት ሆነን አየን። ትናንት «ክቡር» እያለ ወንበር የሚስብለት ሁሉ «እኔ ድሮም አውቄዋለሁ» ይላል። ተፉ! አንድ የረድፋችን ሰው ደግሞ «ቂል ነው፤ በልቶ መደበቅ አይችልም?» አለ። ያዘነው በተሰረቀው አይደለም፣ በተያዘው ነው! ባሌ ብቻ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብሎ አየና፣ «ኮቱ ጀርባው ላይ ተሸብሽቦበታል፤ ከስቷል» አለ።

ከዚያ አንድ መርማሪ ጥቁሩን ኮት በላስቲክ ከረጢት ይዞ ደረጃችን ሥር መጣ። ባሌ በሰፋው ኮት ሁሉ ከአንገትጌው ሥር በቢጫ ክር ሦስት ስፌት ይሰፋል፤ ይኼ ምልክቱ ነው። መርማሪው ገለጠና አሳየው። «አላውቀውም ማለት ትችላለህ፤ ቢጫ ክር የሁሉም ነው» ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት፣ በእግሬም ነካሁት። ባሌ፣ «የኔ ነው» አለ። ለምስክርነት ተጠራ።

ምስክር ተራው እስኪደርስ ውጭ ይቆያል። ባሌ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ፤ እኔን ማንም ስላልጠራኝ ከተመልካች ጋር ገብቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገረው ሥራ ተቋራጩ ነው። አቃቤ ሕጉ ስለ ልብስ ሰፊዎች ረድፍ ጠየቀው።

«የዚያን ቦታ ግማሹን ክፍያ ማክሰኞ ጠዋት ሰጠሁት» አለ ሰውየው፤ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «እሱ የክፍያ ቀን አይረሳም። ከግንባታው ቦታ ስለመጣሁ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው የጠቀለልኩት፣ በሰማያዊ ናይለን ገመድ። ኪሱ አልያዘለትም። ‹አሁን ከዚህ ቀጥታ ልብስ ሰፊዬ ጋ ነው የምሄደው› ብሎኝ ሣቀ። ቀሪውን ዓርብ ሰጠሁት።»

እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። ሱቃችንን፣ ጠረጴዛችንን፣ የባሌን አርባ ዓመት በዚህ እጄ ይዤ ደረቱ ላይ ደግፌለታለሁ። ትንሽ ከፍ በይ ተብዬ ከፍ አድርጌለታለሁ! ባሌ ልክ ነው ብሎታል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኛ እኮ የብብታችንን ለክተን፣ ገበር አልብሰን ነው የሰጠነው።

ባሌ ተጠራ። ሜትሩን ከአንገቱ አላወለቀም። አቃቤ ሕጉ ጠየቀው። ኪሱን የሰፋኸው አንተ ነህ? «አዎ።» ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር? «አውቅ ነበር።» እንዴት ለካኸው? «በአንድ እጄ ሜትር፣ በሌላው ጠመኔ ይዤ፣ በጥቅሉ ዙሪያ አሰመርኩ።» ስንት ተከፈለህ? «ምንም። ሱቄን እንዳይነካብኝ ብዬ ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወረዱ። «አባቴ፣ አንድ እጅዎ ሜትር፣ አንድ እጅዎ ጠመኔ ይዟል ብለዋል። ጥቅሉን ማን ያዘልዎ? ሌላ ሰው ነበር?»

ባሌ ወደ ተመልካቹ አልዞረም። አንዴም። «ማንም አልነበረም» አለ። «ራሱ ነው የያዘው።»

በሠላሳ ሁለት ዓመት መጀመሪያ የሰማሁት ውሸቱ ነው። ተከሳሹ ከተቀመጠበት ሆኖ ዞሮ አየኝ፤ ባልቴቷን በስልክ ያታለለ ጊዜ እንደጠቀሰን በአንድ ዐይኑ ጠቀሰኝ። መነሣት ነበረብኝ። «እኔ ነበርኩ! በዚህ እጄ!» ማለት ነበረብኝ። ምላሷ ከመቀስ የሚረዝመው ሴት ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች።

ስምንት ዓመት ፈረዱበት። ቦታውን ግን ማንም አልመለሰልንም።

አሁንም አንዳንድ ቀን ባሌ ደረጃው ሥር ሆኖ ዚፕ ሲቀይር ቆም ይልና፣ «አንድ ጣት ባላጠብባት ኖሮ እኮ…» ይላል። «ተወው እስቲ» እለዋለሁ። ዐይኑ ስለደከመ ክሩን የማስገባለት እኔ ነኝ፤ መርፌውን ስሰጠው ተቀብሎ በከንፈሩ ይይዘዋል። ያ ጥቅል የምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።